ለርዊክ ላይ የጀልባ ጉብኝት፦ ለፓፊን ብላችሁ አትክፈሉ

ሼትላንድ (ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉት ደሴቶች) ሄዳችሁ ጀልባ ላይ ልትወጡ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። ከስኮትላንዷ አበርዲን ከተማ ማታ መርከብ ትሳፈራላችሁ፣ ጠዋት የሼትላንድ ዋና ከተማ ለርዊክ ናችሁ። እኔ የሄድኩት ሜይ አጋማሽ ላይ ነው። ጸደይ እዚያ ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ግልገሎቹ ገና እግራቸው ያልጠና፣ ምሽቱ ግን አልመሽ ያለ።

የጀልባው ድርጅት ማስታወቂያው ላይ የለጠፈው ሁሉ ፓፊን ነው፣ ያቺ ምንቃሯ ብርቱካናማ የሆነችው ወፍ። ከጀልባው ያየነው ግን ውሃ ላይ የተንሳፈፉ ጥቂት ጥቋቁር ነጠብጣቦችን ነው፣ ስልኬን ሳነጣጥር ጥልቅ ብለው ይጠፋሉ። ፓፊን ከሆነ የምትፈልጉት ወደ ሼትላንድ ደቡብ ጫፍ፣ «ሰምበርግ ሄድ» ወደሚባለው ቦታ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1821 ከተሠራው የባሕር መብራት ማማ አጠገብ፣ ከድንጋይ አጥሩ ወዲያ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። በነጻ! ኦገስት ሲገባ ግን ጥለው ይሄዳሉ።

ጀልባው ገንዘቡን የሚያወጣው ኖስ ደሴት ሲደርስ ነው። ገደሉ 181 ሜትር ነው፣ ቀና ብሎ ማየቱ ራሱ አንገት ያማል። ነፋስና ውሃ ድንጋዩን እየቦረቦረ ደርብ ደርብ አድርጎታል፤ በየደርቡ ጋኔት የሚባሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ተደርድረዋል፣ ልክ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ እንደወጣ ጎረቤት እየተጯጯኹና እየተነካከሱ። ሽታውማ አይወራ። ክንፋቸው ሲዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፤ አጣጥፈውት ከላይ ሲወረወሩ ባሕሩ ጧ ይላል። አንዱ በጣም ቀርቦን ዓይኑን አየሁት፤ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ዙሪያው የተኳለ የሚመስል። እ.ኤ.አ. በ2022 የገባው የወፍ ጉንፋን ብዙዎቹን ጨርሷል፣ ከተረፉትም አንዳንዶቹ ዓይናቸው ጠቁሮ ቀርቷል፤ ስለዚህ ዓይን ዓይናቸውን እዩ።

ቅሬታ አለኝ። የጀልባው ሰዎች ዘግይተው ሲመጡ ይቅርታ እንኳን አላሉም። (ስንጠብቅ ግን ድንጋይ ላይ ዊትይር አየሁ፣ ስትበር ጀርባዋ ታች ነጭ የሆነችዋን ትንሽ ወፍ። ብርዱን አፍሪካ የምታሳልፍ ናት፣ ዘሮቿ እኛም አገር ይከርማሉ።) ድምፅ ማጉያው ደግሞ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይቆራረጣል፤ ግማሹን ማብራሪያ የሰማሁት አጠገቤ ከተቀመጡት እናት ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ወፍራም ጃኬት ያውሷችኋል፣ ጓንት ግን ከቤት ያዙ። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ክኒኑን ሳትሳፈሩ ዋጡ፤ ጀልባዋ ይበልጥ የምትናወጠው ገደሉ ሥር ስትቆም ነው።