ያረጀች ያማሃ፣ የታደሰ ሞተሪኖ፦ ከሰኔ እስከ የካቲት

የያማሃ ኤጂ 200 ሞተር ሳይክሌን የፋብሪካ ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲጫኑ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ሰኔ መግቢያ ላይ አውርጄ፣ ካርቦን (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፈውን) እና ኦሪንግ (ዘይትና ውኃ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) ቀይሬ፣ አጽድቼ መለስኩት። አሁን የካቲት ነው፤ ክረምቱንም የኅዳርን ውርጭም አይቶታል። ስለዚህ ሠራ ወይስ አልሠራም ለሚለው ጥያቄ በድፍረት መመለስ ይቻላል፦ ሠርቷል። እንዲያውም የውስጡ የሽቦ ጥቅል እስካልተቃጠለ ድረስ የአሮጌ ሞተር ሳይክልን ሞተሪኖ አውጥቶ በኮፒ፣ ማለትም አስመስሎ በተሠራ፣ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው ባይ ነኝ። የገዛሁት የካርቦን ኪት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ እሱን ከታች አነሳዋለሁ።

ለማያውቃት፣ ኤጂ 200 ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች ናት። 196 ሲሲ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ሰንሰለቷ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያላት። የእኔዋ የጨረታ ዕቃ ናት፤ የገጠር ጭቃ ጠግባ ነው እጄ የገባችው። በቁልፍም በእርግጫም ስለምትነሳ ሞተሪኖዋ ሲደክም ብዙ ሰው "እርግጫ አለ አይደል" ብሎ ይተወዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ማለዳ ዘይቱ ይወፍራል፣ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል። ኋላዋ ላይ ጭነት አስሮ፣ ጋቢ ደርቦ በእርግጫ ማስነሳት ለጎረምሳ ይሁን እንጂ ለእኔ ዕድሜ አይሆንም።

የነበረው ችግር ይኸው ነው፤ ቁልፉን ስጫን ሪሌው (ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘው ማብሪያ) "ቀጭ" ይላል፣ ሞተሪኖው ግን ዝም። በካቻቢቴ እጀታ የሞተሪኖውን ገላ ቀስ ብዬ መታ መታ ሳደርገው ይዞራል። ይህ ካርቦን አልቆ ከሚዞረው ዘንግ መዳብ ጋር በቅጡ እንደማይነካካ የሚናገር ምልክት ነው። በመዶሻ የሚመቱ አሉ፤ ውስጡ ያለው ማግኔት እንደ ሸክላ ስለሚሰነጠቅ ባይሞክሩት ይሻላል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ሮጠው ባትሪ ይገዛሉ። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው ግን ነገሩን ቆሞ መለየት ይችላል። የተሞላ ባትሪ ሳይነካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ቁልፉን ተጭናችሁ ንባቡ ከ10 በታች ቁልቁል ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ውስጡ ተያይዟል፣ አለዚያም ነክሶ ቀርቷል። ሪሌው "ቀጭ" ብሎ ንባቡ ምንም ካልወረደ ግን ኤሌክትሪኩ አንድ ቦታ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ያልሄደ ኤሌክትሪክ ባትሪን አያደክምም። የእኔ አልወረደም። ካቦውና የሪሌው ጥርስ ደህና መሆናቸውን አይቼ ወደ ማውረዱ ገባሁ።

ማውረዱ ራሱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል። ካቦው ሞተሪኖው ላይ የታሰረበት ዳዶ ላይ ግን ቆም በሉ፤ ከሥሩ ሌላ ዳዶ አለ። የላዩን ስትፈቱ የታችኛውን በሌላ መፍቻ ካልያዛችሁት ቡሎኑ አብሮ ይዞርና ከገላው የሚለየውን ፕላስቲክ ይሰብረዋል፣ የውስጡን የካርቦን ሽቦም ይጠመዝዘዋል። ደህና የነበረ ሞተሪኖ ጋራዥ ውስጥ የሚሞተው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ሁለቱን ማሰሪያ ቡሎኖች ፈትቶ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ መሳብ ብቻ ነው። የደረቀ ኦሪንግ ስለሚይዘው መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ በካቻቢቴ ግን አትፈልቅቁት፣ የአሉሚኒየሙ ፊት ይጫራል።

ከመክፈታችሁ በፊት ሁለቱ ክዳኖች ከመሀሉ ገላ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በሚስማር ጭራችሁ ምልክት አድርጉ። ማግኔቱ ያለበት ገላ ዞሮ ከተገጠመ ሞተሪኖው ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ረጃጅሞቹ ቡሎኖች ወጥተው ክዳኑ ሲላቀቅ ደግሞ ዘንጉ ላይ ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ፤ ስንት በየትኛው ጫፍ እንደነበሩ በስልክ ፎቶ ያዙ።

የእኔ ውስጡ ጥላሸት ብቻ ነበር፦ ካርቦኖቹ አልቀው ዱቄታቸው ከዘይት ጋር ተለውሷል። አንደኛው ካርቦን ከማለቁ የተነሳ ሞላው ሊገፋው አልደረሰም። መዳቡን በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ዘንጉን እያዞርኩ የመዳብ ቀለሙ እስኪወጣ ጠረግኩት። ሥራ የሚበዛው በመዳቦቹ መሀል ያለው መለያ ላይ ነው። መለያው ከመዳቡ ዝቅ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ ካርቦኑን ያንጠለጥለዋል፣ ብልጭታም ይፈጥራል። የሰጌቶ ምላጭ ጎኑን በድንጋይ አሳስቼ አንድ በአንድ ቆፈርኩት። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ያልፈዋል፤ ያለፈውም በጥቂት ወር ካርቦን ይገዛል።

ጥቅሉን መመርመር አፍታ ነው። በቴስተር አንዱ መዳብ ከሌላው ጋር ይደውላል (ኤሌክትሪክ ያልፋል ማለት ነው)፤ የትኛውም መዳብ ከዘንጉ ጋር መደወል የለበትም። ከዘንጉ ጋር ከደወለ ካርቦን አትግዙ፤ ወይ ሽቦ የሚጠቀልል ባለሙያ ጋ መውሰድ ነው፣ ወይ ሌላ ሞተሪኖ።

አሁን ወደ ኪቱ። ከሶማሌ ተራ ያስመጣሁት ነው፤ አራት ነገር አለው፦ ካርቦን፣ ሞላ፣ ኦሪንግና የቡሎኑ መለያ ፕላስቲኮች። ካርቦኑ ግሩም ነው። ጥር ላይ ለማየት ብዬ ድጋሚ ከፍቼው ነበር፤ የማለቁ ነገር በዓይን አይታወቅም፣ መዳቡም የካርቦኑን ጥቁር ቡናማ ቀለም ይዞ አምሮበታል። ሞላዎቹን ገና ሳያቸው አልወደድኳቸውም፤ ከፋብሪካው ሞላ ጋር ጎን ለጎን በጣት ስጫናቸው ይለግማሉ። አሮጌዎቹን ነው አጥቤ የመለስኩት። ኦሪንጉ ደግሞ እስከ መስከረም እንኳ አልዘለቀም፤ ደረቀና ከሞተሪኖው ሥር ዘይት ማላብ ጀመረ። ኩሽኔታ ከሚሸጥ ሱቅ ሙቀትና ዘይት የሚችል በልኩ ገዝቼ፣ ግራሶ ቀብቼ ገጠምኩት፤ ከዚያ ወዲህ ደረቅ ነው። ዋጋው ከማኪያቶ አይበልጥም።

ለፍርድ እንዲመች፣ አንድ ወዳጄ ለተመሳሳይ ሞተር ሳይክል በዚያው ሰሞን አዲስ ኮፒ ሞተሪኖ ገዝቷል። ዋጋው የእኔን ኪት ብዙ እጥፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ከእኔ በፍጥነት ያዞር ነበር፣ አልዋሽም። ነሐሴ ላይ ግን የኋላ ክዳኑ ውኃ አስገብቶ ካርቦኑ ቤቱ ውስጥ ነከሰ። ስንከፍተው ክዳኑና ገላው የሚገናኙበት ላይ ኦሪንግ የሚባል ነገር አልነበረውም። የእሱን አሮጌ ሞተሪኖ ከተጣለበት አውጥተን ካርቦን ቀየርንለት፤ ኮፒው አሁን መደርደሪያ ላይ ነው።

እንከን ከተባለ፣ ቁልፉን ስለቅ ለቅጽበት የሚሰማ "ክርርር" አለ። ብዙ ሰው ሞተሪኖው ነው ይላል። አይደለም፤ ከማግኔት ፍላይዊሉ ጀርባ ያለው የአንድ አቅጣጫ ፍሪሲዮን (ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ማያያዣ) ነው፣ ሞተሪኖ ቢቀየርም አይጠፋም። ውርጭ ባለበት ጠዋት ደግሞ አሁንም ትንሽ ያቃስታል። ከአምስት ሰከንድ በላይ አልጫነውም፤ ካልተነሳች አሳርፌው ነው የምደግመው፣ ትንሽ ሞተሪኖ ሙቀት የሚያስወጣበት መንገድ የለውምና። ማቃሰቱ ከየት እንደሆነ በቴስተር ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፦ ቁልፉ ተጭኖ ሳለ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ ገላ ድረስ ከግማሽ ቮልት በላይ ይጠፋል። የማሳው ካቦ (ኔጋቲቩን ከሞተሩ ገላ ጋር የሚያገናኘው) ከላስቲኩ ሥር አረንጓዴ ሆኗል። እሱን ከፋሲካ በፊት እቀይረዋለሁ።