ቪትዝ ለኬክ ቤት፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ለኬክ ቤት መኪና የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይጭናል?» ብሎ ነው። ኬክ ግን ያን ያህል ክብደት የለውም። ለትልቅ ሰርግ የሚሆን ባለ ሦስት ፎቅ ቶርታ እንኳ ከአንድ ኩንታል ዱቄት በብዙ ይቀላል። መጠየቅ ያለበት ወለሉ ጠፍጣፋ ነው ወይ፣ መኪናው ምን ያህል ይንጣል፣ ውስጡስ ምን ያህል ይሞቃል የሚለው ነው።

እኔ ይህን ይዤ ያገለገለ ቶዮታ ቪትዝ ገዛሁ። ባለ 1,000 ሲሲ፣ ማኑዋል ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። የጥርን ሰርግ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሰርግና የተማሪዎችን ምርቃት አብረን አሳልፈናል። ስለዚህ አሁን በደንብ አውቀዋለሁ።

ከመግዛቴ በፊት ሌሎቹንም አይቻለሁ። ባጃጅ ርካሽ ነው፣ ጠባብ መንገድ ይገባል፣ የትም ይቆማል። ግን ጎኑ ክፍት ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ንፋስ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ አቧራው ክሬም ላይ ካረፈ አይነሳም። ሦስት ጎማ መሆኑም ችግር አለው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከጉድጓድ ስታድን የፊቱ መሃል ላይ ያለው ይገባበታል። በዚያ ላይ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ትዕዛዝ ሲመጣ ባጃጅ አይታሰብም።

ሚኒባስና ፒክአፕ ደግሞ ሰፊ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚመክረውም እነሱን ነው። የኋላ ሞላቸው ግን የተሠራው ለጭነት ነው። ጭነት ሲኖርበት ሞላው ይረግባል፣ ጉዞውም ይለሰልሳል። ባዶውን ሲሄድ ግን ይዘላል። ለዚያ ሞላ ኬክ ማለት ባዶ ማለት ነው። በኮብልስቶን ላይ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ሄዶ የክሬሙ ጌጥ ሲሰነጠቅ ማየት ይቻላል። ይህን ነገር ደጋግሜ የምናገረው ሰፊ መኪና ለኬክ የተሻለ የሚመስላቸው ብዙ ስለሆኑ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪናም በደንብ አስቤበታለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የቤንዚን ሰልፍም አለ። ኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አያደክመውም። ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ግን ብርድ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ከሸዋ ሮቢት መልስ ከ1,500 ሜትር በላይ መውጣት አለ። መሃል ላይ የመሙያ ቦታ መፈለግ አልፈለግሁም። ከተማ ውስጥ ብቻ የማደርስ ቢሆን ኖሮ ግን ያለጥርጥር ኤሌክትሪክ እገዛ ነበር።

ወደ ቪትዙ ልመለስ። የኋላ ወንበሩ ይታጠፋል፣ የኋላ በሩ ከፍ ብሎ ይከፈታል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ካርቶኑን ሳናዘነብል እናስገባለን። ወንበሩ ሲታጠፍ ግን ወለሉ እኩል አይሆንም። አናጢ ዘንድ ወስጄ በልኩ ኮምፔንሳቶ አስቆረጥሁ። ዝቅ በሚለው በኩል እግር ተሠራለት። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመን በውሃ ልክ አስተካከልነው። ላዩ ላይ የማያንሸራትት ላስቲክ ተነጠፈ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ለመኪናው ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን እሱ ነው።

ኬኩ የሚቀመጥበት ቦታም ልዩነት አለው። ንጠቱ የሚበረታው ከኋላ ጎማ በላይ ነው። ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ቦታ ይረጋል። ትልቁ ኬክ ሁልጊዜ እዚያ ይቀመጣል። ጋቢና ወንበር ላይ በጭራሽ አይቀመጥም፤ ወንበር ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ባለ ሦስት ፎቁን ደግሞ ተነጣጥሎ ወስደን ሰርጉ ቤት ነው የምንደራርበው። ተደራርቦ ልሂድ ቢል የመኪናው ቁመትም አይፈቅድለትም።

ኮብልስቶን ላይ ቀስ ማለት ብቻ ነው መፍትሔው። የሰው እግር ፍጥነት ሲሆን ኬኩ ደህና ነው። ከኋላ የሚያጮህ ይኖራል፤ ያጩህ።

አሁን ወደ ትልቁ ፈተና። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነች። በመንገዱ ላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ ከዚያም ከፍ ይላል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በአንድ ጠዋት ከብርድ ወደ ቆላ ሙቀት እንወርዳለን ማለት ነው። ለሰው የሚመች ጉዞ ነው፤ ለቅቤ ክሬም ግን አይደለም። ሙቀቱ ሲጨምር ቅቤው ይለሰልሳል፣ ጌጡ ይንሸራተታል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ብንነሳ ጥሩ ነበር። ግን ጣርማ በር በዚያ ሰዓት ጉም ነው። ዋሻው አፍ ላይ ደርሰህ ፊት ለፊትህ ያለውን ተሳቢ የማታይበት ቀን አለ። ጉሙን ሽሽት ከዘገየህ ሙቀቱ ይጠብቅሃል። እኛ የመረጥነው ጉሙ ገለጥ ሲል መነሳትንና ኤሲውን ነው። ኤሲው የሚሠራ መሆኑ ለእኔ ከሞተሩ እኩል አስፈላጊ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው «ኤሲ ለምኔ» ይላል፤ ኬክ ወደ ቆላ የሚያወርድ ሰው ግን ያለ እሱ መኪና አይግዛ።

ስንደርስ ካርቶኑን ወዲያው አንከፍትም። ቀዝቃዛ ኬክ ሞቃት አየር ሲነካው ላብ ያወጣል፤ በተለይ ፎንዳንት የሚባለውን የስኳር ሽፋን የለበሰው። በጥላ ውስጥ ተዘግቶ ትንሽ መቆየት አለበት።

ቁልቁለቱን በተመለከተ የመኪናው መካኒክ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ገና ስገዛው አንድ ነገር ነግረውኛል። «ልጄ፣ ፍሬን ለመቆሚያ ነው። ለመውረጃ ማርሽ አለልሽ።» የሚነዳልኝ ታናሽ ወንድሜ ይህን ይዞ ነው የሚወርደው። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲወርድ ፍሬኑ አይግልም። ኬኩም በየኩርባው ወደ ፊት አይገፋም።

መልሱ ላይ የሞተሩ ትንሽነት ይታያል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 1,000 ሲሲ ሲሆን ደግሞ ከመጀመሪያውም ትርፍ ጉልበት የለም። ኤሲውን እናጠፋለን፣ ማርሽ እንቀንሳለን፣ ከተሳቢ ኋላ ተሰልፈን እንወጣለን። ኬኩ ደርሷልና አያስቸኩልም። ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ጭነን ስንመለስም ይወጣዋል።

ነዳጁ አያስከፋም። ከተማ ውስጥ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስፋልት ላይ ከዚያ የተሻለ ይሄዳል። መለዋወጫው እዚሁ ይገኛል፤ ከጠፋም አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ተደውሎ ከሰዓት በሚኒባስ ይመጣል። እስካሁን የኋላ ሾኮችንና የፊት ቡሾችን ቀይሬያለሁ። ላገለገለ መኪና፣ ለዚያውም ኮብልስቶን ላይ ለሚውል፣ የሚጠበቅ ነው። ሰርቪሱን የማስገባው በዐቢይ ጾም ነው፤ ያኔ ሰርግ የለም፣ የጾም ኬክ ብቻ ስለሆነ መኪናው ቆሞ ቢውል ሥራ አይጎዳም።

የማይሆንበት ቦታም አለ። ከአስፋልት ወጥቶ ኮረኮንች ውስጥ ሲገባ ሆዱ መሬት ይነካል፤ በክረምት ጭቃ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። የገጠር ትዕዛዝ ስንቀበል አስፋልቱ ዳር ድረስ እንደምናመጣ አስቀድመን እንናገራለን። አብዛኛው ትዕዛዛችሁ ከገጠር ከሆነ ከፍ ያለ መኪና ፈልጉ።

ልትገዙ ስትሄዱ ትልቁን የኬክ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ወንበሩን አሳጥፉና አስገቡት፣ በሩም መዘጋቱን እዩ። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልታችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡና ኮብልስቶን ላይ አስነዱት። የፈሰሰው ውሃ ሾኩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል፤ በዋጋው ላይ የምትከራከሩትም ያንን ይዛችሁ ነው።