«ሰማያዊ ኮሊየስ» ለሚሏችሁ ብር እንዳትልኩ

ወገን፣ ቴሌግራም ላይ «ሰማያዊ ኮሊየስ፣ የውጭ ዝርያ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ይችን አንብቡልኝ። እኔ 650 ብር ከፍዬ ተምሬያለሁ፤ እናንተ በነፃ ተማሩ።

ኮሊየስን ለማታውቁት፣ ተክል ነው፤ ሰው የሚወደው ለአበባው ሳይሆን ለቅጠሉ ነው። ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ አለ፤ አንዳንዱ ሦስት ቀለም አንድ ቅጠል ላይ ይሸከማል። ግንዱን ብትዳስሱት እንደ በሶብላ አራት ማዕዘን ነው፣ ዘመዳሞች ናቸውና። የወላይታ ድንችም የቅርብ ዘመዱ መሆኑን ስሰማ ሳቄ መጥቶ ነበር። ሰማያዊ ቅጠል ያለው ኮሊየስ ግን የለም። ሰማያዊ የሚባል ነገር ካለው አናቱ ላይ የሚያወጣት ቀጭን አበባ ናት፤ እሷንም ብዙ ሰው ቅጠሉ እንዳይደክም ብሎ ቀንጥሶ ይጥላታል።

ፎቶው ላይ ግን ቅጠሉ የጠራ ሰማይ ነው፣ ዳርና ዳሩ ወርቅ። ተሸነፍኩ። በቴሌብር ላክሁ፣ በማግስቱ በሞተረኛ አንድ ጣት የማትሞላ ላስቲክ መጣች፤ ውስጧ 20 ፍሬ። ሶፍት ላይ ዘርግቼ ሳየው መጠኑ ከጤፍ አይለይም። የኮሊየስ ዘር እውነትም እንደዚያ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ ከ3,000 በላይ ይገባል። እንግዲህ 20 ፍሬ ምን ያህል እንደሆነ አስሉት።

ዘሩ ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር ሳላለብስ እርጥብ አፈር ላይ በተንኩት። በ12ኛው ቀን በቀለ። ስድስት ቅጠል ሲያወጣ መሀሉ ቡናማ፣ ዙሪያው አረንጓዴ፤ ያውም አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሻጩን ስጠይቀው «ቀለሙ ፀሐይ ሲያገኝ ነው የሚወጣው፣ ታገሺ» አለኝ። ያታለለኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ኮሊየስ ጨለማ ቦታ ሲቀመጥ አረንጓዴው ይበዛል፤ የቀትር ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይገረጣል። ብርሃን ግን ያለውን ቀለም ያደምቃል ያደበዝዛል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ሁለት ወር ታገስኩ። ሦስተኛ ስጽፍለት ብሎክ አደረገኝ።

ሌላም ነገር ልጨምር። ስም ያላቸው ምርጥ ዝርያዎች የሚባዙት ከእናቲቱ ተቀንጥሶ በሚተከል ቁራጭ ነው፤ ከዘራቸው የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ፎቶ አሳይቶ «የዚህችን ዘር ልሽጥልሽ» የሚል ሰው ፎቶዋን ነው የሚሸጥላችሁ።

ጎረቤቴ ደግሞ «ዘር አልፈልግም» ብላ ከዚያው ሰው በጥቁር ላስቲክ የተተከለ ገዛች። ቅጠሉ ሲጠወልግባት ይዛው መጣች። ግንዱን በሁለት ጣት ሳብ ሳደርገው እንደ ክብሪት እንጨት ሾልኮ ወጣ፤ ጫፉ ጠቁሯል፣ አንድ ክር ሥር የለውም። ቀንጥሶ ሰክቶበታል በቃ! እንዲህ ያለውን ማንም ሰው ቤቱ ይሠራዋል። ከጓደኛ አንድ ጣት የሚያህል ቀንጥሱ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሱለት፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ በሳምንት ወይ በሁለት ሳምንት ነጭ ሥር ታያላችሁ።

መግዛት ካለባችሁ መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ። ግንዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ላስቲኩን ገልብጣችሁ በቀዳዳው ሥር ብቅ ማለቱን እዩ፣ ቅጠሉና ግንዱ የሚገናኙበት ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ካለ ተዉት። «ብርድ ይችላል» ካሏችሁም አትመኑ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ውጭ ካደረ ቅጠሉን ያራግፋል።

ትናንት ማታ ያንኑ ፎቶ በሌላ ስም ሌላ ቻናል ላይ አየሁት። ዋጋው 900 ገብቷል።