ፊቱን ያጠቆረ ባሕር ፎቶ ማንሳት ለምትፈልጉ

አንድም ለማመስገን፣ አንድም ለመጠቆም ነው የምጽፈው። የባሕር ፎቶ ሲባል ፀሐይ ስትጠልቅ ብርቱካናማ የሆነ ሰማይ ብቻ ለሰለቻችሁ፣ ደመና የከበደበትን፣ የተኮሳተረውን ባሕር ማንሳት የሚያስተምሩ አንድ ፎቶግራፈር አሉ። ተማሪዎቻቸው ጋሼ ነው የምንላቸው። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

እሳቸው ጋ ባሕሩ ዳር እንደደረሳችሁ ቦርሳ አይከፈትም። ቆማችሁ ውሃውን ታያላችሁ። ትልልቆቹ ማዕበሎች ተከታትለው ይመጡና ጋብ ይላል፣ ሰው ይዘናጋል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳሉ። ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ ውሃው እዚያ ድረስ ይወጣል ማለት ነው። ለባሕር ጀርባ መስጠት ደግሞ በፍጹም አይቻልም፤ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

ከዚያ ወደ ሹተር፣ ማለትም ካሜራው ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ ብርሃን እንደሚያስገባ። እኔ በበኩሌ ለዚህች ክፍል ብቻ ብከፍላቸውም አይቆጨኝም። በ1/500 ሰከንድ ስታነሱ ድንጋይ ላይ የተፈረከሰው ውሃ ጠብታ በጠብታ አየር ላይ ይቆማል፤ ቁጣው ይታያል። በ30 ሰከንድ ስታነሱ ማዕበሉ እርስ በርሱ ይዋሃድና ጭጋግ ይመስላል፤ ፎቶው ዝም ይላል። ባለ 10 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ፊት የሚገጠም ጥቁር መስታወት ነው፤ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ብርሃኑን ወደ ሺህ እጥፍ ገደማ ስለሚቀንሰው፣ 1/30 ሰከንድ የነበረው ግማሽ ደቂቃ ይሆናል፣ ታዲያ ፊልተሩን የገዛ ሰው ሁሉ ያገኘውን ባሕር ወተት ያደርገዋል። ጋሼ የሚወዱት መሃሉን ነው፦ ከግማሽ እስከ አንድ ሰከንድ። ማዕበሉ ሲመጣ የካሜራውን ቁልፍ አትነኩም፤ መጥቶ፣ ድንጋዩን አልፎ፣ ልክ መመለስ ሲጀምር ትጫናላችሁ። ያኔ አረፋው በድንጋዩ ግራና ቀኝ ነጭ መስመር እየሳለ ወደ ባሕሩ ይጎተታል፣ የተመልካቹንም ዓይን አብሮ ይዞት ይገባል። ትንሽ ቀደም ካላችሁ የተዘበራረቀ ነጭ ነገር ብቻ ነው የምታገኙት።

ስሜቱ ከየት ይመጣል ለሚለው ደግሞ፣ ጥቁር ደመና ብቻውን ምንም አያደርግም ባይ ናቸው። ግራጫ በግራጫ ላይ ሲሆን ዓይን የሚያርፍበት አንድ ነገር ይፈልጋል። አንድ ድንጋይ፣ የተሰበረ ምሰሶ፣ ወይም ደመናው ተሰንጥቆ አድማሱ ላይ የወደቀች ቀጭን ብርሃን። ሁለተኛ ነገር ከተጨመረ ይሻማል። ኤክስፖዠሩን (ወደ ካሜራው የሚገባውን የብርሃን መጠን) አረፋው ነጭ ሆኖ እንዳይቃጠል አድርጋችሁ ትለኩና ጥላውን እንዳለ ትተዉታላችሁ፤ ኤዲት ስታደርጉ ጨለማውን ሁሉ ጎትቶ ማብራት ፎቶውን ይገድለዋል። በዚህ መቶ በመቶ እስማማለሁ፣ ኢንስታግራም ላይ የሚታየው ግማሹ የባሕር ፎቶ በዚሁ ነው የተበላሸው።

ኤዲቲንግ ማጭበርበር ነው ብሎ የሚከራከር ከመጣ ፈረንሳዊውን ፎቶግራፈር ጉስታቭ ለ ግሬን ይጠሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የነበረው የፎቶ ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ምላሽ ይሰጥ ስለነበር፣ ባሕሩ በደንብ ሲወጣ ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆን ነበር። ስለዚህ ለአንዳንዶቹ ፎቶዎቹ ሰማዩን ለብቻ፣ ባሕሩን ለብቻ አንስቶ አንድ ላይ ያትማቸው ነበር። ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ስልክ ቶሎ አይመልሱም። ነፋሱ ከበረታ መንገድ ላይ ብትሆኑም ትምህርቱን ይሰርዙታል፣ ገንዘባችሁን ግን ሳትጠይቁ ይመልሳሉ። ብዙ ፎቶ ይዤ ልመለስ ለሚል ሰውም አይሆኑም፤ አንድ ቦታ ላይ አቁመው ሰዓታት ያስጠብቃሉ።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ለምትሄዱ፦ የማያንሸራትት ጫማ፣ ጠንካራ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ ላስቲክ ውስጥ የታሸገ ብዙ ደረቅ የሌንስ ጨርቅ ያዙ፣ ምክንያቱም የባሕር ርጭት በየደቂቃው ሌንሱ ላይ ያርፋል፣ የጨው ጠብታ ደግሞ በረጠበ ጨርቅ ይቀባል እንጂ አይጠፋም። ቤት ስትገቡ ትራይፖዱን እግሩን ዘርግታችሁ በንጹህ ውሃ እጠቡት። ፊልተር ግን ቀድማችሁ አትግዙ፤ የእሳቸውን ያውሷችኋል፣ ሞክራችሁ የሚስማማችሁን ትመርጣላችሁ።