ለሥርዓት ደኅንነት ትንተና፦ ኑኤስኤምቪ ወይስ የሚከፈልበት የንድፍ ሶፍትዌር?

ውስብስብ ሥርዓትን በፎርማል ሞዴል (ትርጉሙ በሒሳብ በተወሰነ መግለጫ) ገልጾ ደኅንነቱን ለመተንተን የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ባልደረቦቼ ደጋግመው ስለሚያነሡብኝ፣ መልሴን በአንድ ቦታ ጽፌ ለማስቀመጥ ወሰንሁ። የማነጻጽረው በነጻ የሚገኘውን፣ ሞዴሉ በጽሑፍ የሚጻፍበትን ሞዴል ቼከር (ሞዴሉ ሊደርስባቸው የሚችላቸውን ሁኔታዎች ፈትሾ የተጠየቀው እውነት መሆኑን የሚያጣራ ፕሮግራም) ኑኤስኤምቪን እና የሁኔታ ሽግግር ንድፍ እየተሣለ የሚሠራበትን የንግድ ሶፍትዌር ነው። እኔ የማደላው ለኑኤስኤምቪ ሲሆን፣ እዚህ አቋም ላይ የደረስሁት ሁለተኛውን ገዝተን ከተጎዳን በኋላ ነው።

የንግድ ሶፍትዌሮች ፈቃድ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ በተጠቃሚ ቁጥር ይከፈላል፤ የማረጋገጫው ክፍልና የብልሽት ዛፍ (ብልሽቶች ተጣምረው ወደ አደጋ የሚያደርሱበትን መንገድ የሚያሳይ ሥዕል) ማውጫው ለየብቻ የሚሸጡበትም ጊዜ አለ። የደኅንነት ማስረጃ ሥርዓቱ አገልግሎት እስከሰጠ ድረስ መከለስ ስላለበት፣ ዋጋው በሥርዓቱ ዕድሜ ተባዝቶ መታሰብ ይገባዋል። እኛ ክፍያውን ባቋረጥንበት ዓመት የራሳችንን ሞዴል መክፈት ተስኖን ነበር። ኑኤስኤምቪ ግን ኤልጂፒኤል በተባለው የክፍት ምንጭ ፈቃድ ስለሚሰራጭ ለንግድ ሥራም አያስከፍልም፤ ፋይሉም ተራ ጽሑፍ ነው። በስም የሚመሳሰለው ኑኤክስኤምቪ ወሰን የሌላቸውን ቁጥሮች ማስተናገድ ቢችልም፣ በነጻ የሚፈቀደው ለንግድ ላልሆነ ሥራ ብቻ ስለሆነ ከማውረድ በፊት ፈቃዱ ይነበብ።

ከዋጋው በላይ የጎዳን ግን ከንድፉ ተለውጦ የሚወጣው የሞዴሉ ቅጂ ነው። የገዛነው ሶፍትዌር ንድፉን ወደ ሞዴል ቼከር ቋንቋ የሚቀይር መለወጫ ነበረው። አንድ ክስተት ከውጭኛው ሁኔታም በውስጡ ካለው ንዑስ ሁኔታም ሽግግር ሲቀሰቅስ፣ ዩኤምኤል በተባለው የንድፍ ቋንቋ የውስጠኛው፣ ስቴትሜት በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር ደግሞ የውጭኛው ይቀድማል። ንድፋችን የዩኤምኤልን ደንብ ሲከተል ቅጂው የሌላውን ተከተለ። በመሆኑም ቼከሩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ምንጊዜም እንደሚሠራ ሲያረጋግጥልን፣ በእውነተኛው ንድፍ ላይ ግን የውስጠኛው ሽግግር ማቆሚያውን ይቀድመው ነበር። ስሕተቱ በሙከራ ጊዜ ተገኘ፤ ጥገናውም ከመግለጫው ተነሥቶ ሞዴሉን በኑኤስኤምቪ እንደ አዲስ መጻፍ ሆነ።

በኑኤስኤምቪ ብልሽትን በሞዴሉ ውስጥ ማካተት ቀላል ነው። ለምሳሌ አንድ ቫልቭ በማንኛውም ቅጽበት ተዘግቶ ሊቀር እንደሚችል በተለዋዋጭ ከተገለጸ፣ ቼከሩ ወደ አደጋ የሚያደርሰውን ቅደም ተከተል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ቲኤልኤ ፕላስ የተባለው ሌላ የሞዴል መጻፊያ ቋንቋም ነጻና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከየትኛውም ሁኔታ ወደ አስተማማኝ ሁኔታ መመለስ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በቀጥታ የሚገለጸው ኑኤስኤምቪ በሚቀበለው፣ ሲቲኤል በተባለው የሎጂክ ቋንቋ ነው። ኑኤስኤምቪ ትልቅ መግለጫ አይችልም ለሚሉም፣ የአውሮፕላኖችን የአየር ላይ ግጭት የሚከላከለው የቲካስ 2 መግለጫ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኑኤስኤምቪ ቀዳሚ በሆነው በኤስኤምቪ ተመርምሯል።

ኑኤስኤምቪም ወጥመድ አለው። እርስ በርስ የሚቃረኑ ገደቦች ከተጻፉ ሞዴሉ ባዶ ይሆንና የተጠየቀው ሁሉ እውነት ነው ይላል፤ ማስጠንቀቂያ ቢያትምም በብዙ መስመሮች መካከል ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሐሰት መሆኑ የታወቀ ንብረት (ስለ ሞዴሉ ባሕርይ የሚነገር ዓረፍተ ነገር) ጨምሬ ቼከሩ ውድቅ ማድረጉን አያለሁ።

የሚከፈልበትን መግዛት የሚያዋጣው በአውሮፕላን ሶፍትዌር መመዘኛው በዲኦ-178ሲ መሠረት ብቃቱ የተረጋገጠ የኮድ ማመንጫ ሲያስፈልግ ነው። እንዲህ ከሆነ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሻጩ ሁለት ተፎካካሪ ሽግግሮች ያሉበትን ትንሽ ንድፍ በፊታችሁ ይለውጥ፤ የወጣውንም ጽሑፍ ራሳችሁ መስመር በመስመር አንብቡት።