«ይማርሽ» ብሎ የሸኘኝ ጋራዥ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ። ነገሩ የተገለጠልኝ ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ገና አልበረደልኝም።

ሥራዬ ባልትና ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ አዘጋጅቼ በየሱቁና በየቤቱ አደርሳለሁ። 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል፣ የማደያው ሰልፍም አንገሽግሾኝ ስለነበር፣ ዕቁብ ሲወጣልኝ ከእህቴ ተበድሬ ጨመርኩበትና አንዲት የቻይና ኤሌክትሪክ ቫን ገዛሁ። መኪናዋን አላማትም። ማታ እሰካታለሁ፣ ጠዋት ትነሳለች። የሞተር ዘይት ቀይሩልኝ አትል፣ ቺንጊያ አትበጥስ። የከዳኝ ኤሲዋ ብቻ ነው።

«አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ምን ያደርግልሻል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ወንድሜም ይህንኑ ነው ያለኝ። በሐምሌ ዝናብ መስኮት ዘግቼ፣ ከኋላዬ አንድ ኩንታል በርበሬ ጭኜ ስነዳ፣ መስታወቱ ባንድ አፍታ ነው ጉም የሚለብሰው። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቀው ጉሙን ይገፈዋል። መስኮት ልክፈት ካልኩ ዝናቡ ዕቃዬ ላይ ነው። ባንድ እጄ ፎጣ፣ ባንድ እጄ መሪ ይዤ ሳሪስ አቦን የወረድኩበት ቀን አለ፤ እሳቸው ናቸው ያተረፉኝ።

እናም ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቆም፣ ሁለት ጊዜ በየመንገዱ ጋዝ አስሞልቼ በሳምንቱ ባዶ ሲሆንብኝ፣ «የኤሌክትሪክ መኪና ስፔሻሊስት» የሚል ትልቅ ባነር ወደሰቀሉት ሄድኩ። ታውቋቸዋላችሁ። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ፣ ልጆቹ የተጠለፈ ቲሸርት የለበሱ፣ ላፕቶፑ ላይ ቻይንኛ የተጻፈበት፣ መጠበቂያው ውስጥ ነጻ ማኪያቶ። (ማኪያቶው ጥሩ ነበር። 84 ሺህ ብር ነው የጠጣሁት።)

ምርመራው ላይ አልዋሹም፤ ይሄን ልመስክርላቸው። ጋዝ የሚያሸት መሣሪያቸውን የኤሲው ውኃ ወደ መሬት በሚንጠባጠብበት ቱቦ ሥር ሲያስጠጉት ጮኸ። ኤቫፖሬተሩ ተበስቷል ማለት ነው። ከዳሽቦርድ ጀርባ ተቀብራ የምትቀመጥ፣ ትንሽ ራዲያተር የምትመስል አሉሚኒየም ናት፤ ጋዙ ውስጧ ይቀዘቅዛል፣ አየር ይነፍስባታል፣ ቅዝቃዜው እኛ ጋ ይደርሳል። እሷን ለማግኘት ዳሽቦርዱ በሙሉ መውረድ አለበት። ዕቃዋ ትንሽ ናት፣ የሚያደክመው ሥራው ነው።

ከዚያ የተለመደው ድራማ። ከቻይና እስኪመጣ 45 ቀን። ፊት መጨማደድ። ስልክ መደወል። «ሶማሌ ተራ አንዲት ቀርታለች፣ ለሌላ ሰው ተይዛለች፣ ግን እስቲ ለአንቺ ብዬ…»። ዕቃው 46 ሺህ፣ ፈትቶ መግጠሚያው 28 ሺህ፣ ጋዝና ዘይቱ 10 ሺህ። ይሄ ያለ ደረሰኝ ነው፤ በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። እኔም ብልጧ 12,600 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ እያለኝ ተስማማሁ። ስታነቡት እየሳቃችሁብኝ ነው አይደል? ሳቁ።

ሰኞ ሄጄ አየሁ። መሪው ተነቅሏል፣ ዳሽቦርዱ ወርዷል፣ ሽቦው እንደ በግ አንጀት ተዘርግፏል። እንዲህ ሲደክሙ ስላየሁ ነው ያመንኳቸው፤ ሌባ ይደክማል ብዬ አላስብም ነበር። ደግሞ ናፍጣና ቤንዚን በሌላት መኪና ማሞቂያውም የኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ከኤቫፖሬተሩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፤ የዋናው ባትሪ ኃይል በብርቱካናማ ገመድ እስከዚያ ይመጣል። አንዱ ልጅ ያንን ገመድ በባዶ እጁ ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው አየሁና «ልጄ፣ ኃይሉን አቋርጣችሁታል? ጓንት የለህም?» አልኩት።

«እናቴ፣ አንቺ በርበሬሽን ቀምሚ» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልምጣ። 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቫኗ ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ ቆማለች። ሱፐርቫይዘሩ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ጥርሱ የማይከደን ልጅ፣ በር ከፈተልኝ። ከጠረጴዛ ሥር ጥቁር ፌስታል አወጣና «ያው አሮጌሽ» ብሎ አሳየኝ። አየሁት። ጥቁር ነው። ጥላሸት የተጋገረበት፣ ደረቅ ቅጠል የተሰነቀረበት፣ ቅባት ቅባት የሚል። ወደ አፍንጫዬ ጠጋ አደረግሁት፤ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ። አስቡት፣ መኪናዬ ናፍጣ ዓይታ አታውቅም። ግን መንገዱ ሁሉ ጭስ ነው፣ ከፊቴ ከሚሄደው አይሱዙ የገባ ይሆናል ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ ስለነሱ እኔ ተከራከርኩ።

ከዚያ ቁልፉን አዞረ፣ ኤሲውን መጨረሻ ላይ አደረገው። ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ። ደስ አለኝ። ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ አነጠሰኝ።

«ይማርሽ!» አለኝ።

«ያኑርህ» አልኩት።

ወዲያው እሱንም አነጠሰው። «ይማርህ» አልኩት። «ያኑርሽ» አለኝ። ሁለታችንም ተሳሳቅን።

በርበሬ ነበር። የማንም በርበሬ አይደለም፣ የእኔ ነው። ኮረሪማ አበዛለሁ፤ ሃያ ዓመት ያሸተትኩትን ከሺህ በርበሬ መሐል እለየዋለሁ። መኪናዋ ስትመጣ አየር የምታጣራዋ የኤሲ ፊልትሮ ቦታዋ ባዶ እንደነበር አላወቅሁም፣ ስድስት ወር ሙሉ እንዲሁ ነዳኋት፤ ያን ጊዜ ነው ያ ኤቫፖሬተር በርበሬዬን የጠገበው። እና «አዲሱ» ዕቃ፣ ከካርቶን የወጣው፣ ለሌላ ሰው ተይዞ የነበረው፣ የእኔን በርበሬ ፊቴ ላይ ይነፋል። በእጄ የያዝኩት «አሮጌዬ» ደግሞ ናፍጣ ይሸታል። ሁለቱን ነገር ባንድ ጊዜ፣ ባንድ አፍንጫ አሸተትኩ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይመጣልኝ ነበር?

አልኩትም እኮ! «አንተ ልጅ፣ አዲሱ ዕቃ በርበሬ በርበሬ ሸተተኝ» አልኩት።

ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «እናቴ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረ ነው፤ በሁለት ቀን ይጠፋል።» ላፕቶፕ የያዘው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያኔ ያፈረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቁን ሲደብቅ ነው። ስልኬን አወጣሁ፣ 84 ሺህ ብር ላክሁ። ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ መስኮት ዝቅ አድርጌ ለልጆቹ የሻይ ብዬ 500 ብር ጨመርኩ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? በእኔ መኪና የተሳፋሪ በኩል ያለው ኪስ ወርዶ ፊልትሮው ሲወጣ ኤቫፖሬተሩ ፊት ለፊት ይታያል። ያችን ፊልትሮ ከስድስት ወሩ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ የምቀይራት ራሴ ነኝ፣ በዚሁ እጄ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ቀን ጎንበስ ብዬ ላይ አልኩም። ቱቦው ነው አለኝ፣ ቱቦው ነው ብዬ ሄድኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጉሙ ተመለሰ።

ዛሬ ጎረቤቴ አንድ አዛውንት የኤሲ ባለሙያ ጋ ወሰደኝ። ባነር የላቸውም፣ ማኪያቶ የላቸውም፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት። ፊልትሮውን አወጡና ባትሪ አበሩበት። «ነይ እይ» አሉኝ። ቀይ። ከላይ እስከታች በርበሬ የለበሰ፣ የራሴው ኤቫፖሬተር። ከቧንቧው ጥግ ላይ አመድማ ሙጫ በጣት ተለጥፏል፣ የጣቱ አሻራ ሳይቀር አለ። ሙጫው ከአሉሚኒየሙ ላይ ተላጦ ለቅቋል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ደክመው ፈትተው፣ ሙጫ ለጥፈው፣ መልሰው ገጠሙት።

«ምን በሳው ጋሼ?» ብላቸው ሳቅ አሉ። «ጨው ነዋ! በርበሬሽ ጨው አለው፣ እዚህ ውስጥ ሁሌ እርጥበት አለ፤ ጨውና እርጥበት አሉሚኒየም ይበላል።» ጥቁሩን ፌስታል ከፍቼ ሳሳያቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ይሄ የሚኒባስ ነው፤ ያንቺ መኪና ውስጥ ልክተተው ቢሉም አይገባም» አሉኝ። ለካ መጠኑን እንኳ አላየሁም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ፤ «ዘይቱን ምን ዓይነት ጨመሩልሽ?» የኤሲውን ጋዝ የሚገፋው ኮምፕረሰር በኤሌክትሪክ መኪና ላይ በቺንጊያ አይዞርም፣ ውስጡ ሞተር አለው፣ ሞተሩም ዘይቱ ውስጥ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የራሱ ዘይት አለው። የነዳጅ መኪናው የኤሲ ዘይት ከገባበት ኃይሉ ወደ መኪናው አካል መፍሰስ ይጀምራል፤ መኪናዋ ይህን ስታውቅ አልነሳም ልትል ትችላለች። ኮምፕረሰሩ ደግሞ ከኤቫፖሬተሩ እጥፍ ድርብ ነው ዋጋው።

እዚያው ቆሜ ለሱፐርቫይዘሩ ደወልኩ። «ምን ዓይነት ዘይት ነው ያደረጋችሁልኝ?»

«የኮምፕረሰር ዘይት ነዋ እናቴ።»

«የኤሌክትሪኩን ነው የነዳጁን?»

ዝም። ቀጥሎ «እናቴ፣ ደረሰኝ አለሽ?»

ደረሰኝ። ያቺ 12,600 ብር። «እንደሌለኝ አንተ ታውቃለህ» አልኩት። «እንግዲያው ምን ላድርግልሽ?» አለና ዘጋው። መልሼ ደወልኩ፣ አያነሳም። ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ ምን ይዤ ነው የምሄደው? ማስነጠሴን?

ጋሼ በመሣሪያ ለክተው «እስካሁን ደህና ነው፣ ግን ዘይቱ ታጥቦ ሳይወጣ ኤሲውን እንዳታበሪው» ብለውኛል። ትክክለኛው ዕቃ እስኪመጣ ወደ ፎጣዬ ተመልሻለሁ።

ለእናንተ የምለው አጭር ነው። አዲሱን ዕቃ ሳይገጠም በዓይናችሁ እዩት፣ ፎቶ አንሱት። ሲጨርሱ ፊልትሮውን አውጥታችሁ ባትሪ አብሩበት፤ አዲስ ኤቫፖሬተር እንደ መስታወት ያበራል። ጋዙን በሚዛን ነው የሚሞሉት፤ በግምት ከሆነ ውጡ። የዘይቱን ዕቃ ላዩን አንብቡ። ደረሰኝ። ደረሰኝ። ደረሰኝ። በርበሬ የምትጭኑ ደግሞ ፊልትሮ እንዳላችሁ ዛሬውኑ እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማክሰኞ ያንን ጥቁር ዕቃ ይዤ ልወጣ ስል ሱፐርቫይዘሩ «ተይው እናቴ፣ እኛ እንጥለዋለን» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ፣ አሉሚኒየም ነው፣ ለቆራሌው እሸጠዋለሁ ብዬ። «መኪናሽን ያቆሽሻል» አለ። ያቆሽሸው አልኩ። በር ድረስ ተከትሎኝ በሦስተኛውም ለምኖኛል። ለምን እንደዚያ እንደሳሳለት አሁን ነው የገባኝ፤ ስንት ሰው እጅ ላይ «ያው አሮጌሽ» ተብሎ ዞሮ እንደተመለሰ እግዜር ይወቀው። ቤቴ ነው ያለው፣ ከሽሮው መደርደሪያ ሥር። በዚህ ሳምንት እነሱ ጋ ኤቫፖሬተር ልታስቀይሩ የገባችሁ ካላችሁ፣ የሚያሳዩአችሁን «አሮጌ» ሌላ ፈልገው መሆን አለበት።