አንድ ካሜራ ለሁለት፦ ከ150 የበረዶ ቀናት በኋላ

ኅዳር 1 ቀን እኔና ባለቤቴ ውል ገባን። እያንዳንዳችን በየቀኑ አንድ ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ የቀኑን ከመተኛታችን በፊት እንመርጣለን፤ ያመለጠ ቀን በሌላ ቀን ፎቶግራፍ አይተካም። ካሜራው ግን አንድ ነው፦ ሌንሱ የማይነቀል፣ ካፖርት ኪስ የሚገባ፣ ከ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር የሚመጣጠን፣ ማለትም ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ ግን ሩቁን የማያቀርብ እይታ ያለው። የሥሪቱን ስም አልጠራም፤ ከምጽፈው አብዛኛው በዚህ ዓይነት ካሜራ ሁሉ ላይ የሚደርስ ነውና።

የመጀመሪያውን ጠብ ያመጣው ባትሪው ነው። መመሪያው አንድ ባትሪ 350 ያህል ፎቶግራፍ ያነሣል ይላል። እንዲህ ያለው ቁጥር የሚለካው የጃፓኑ የካሜራ አምራቾች ማኅበር ባወጣው ደንብ፣ በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እኛ ጠዋት በራችንን ስንከፍት የሚቀበለን ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል፤ ስለዚህ ሙሉ የነበረው ምልክት ሁለት መንገድ ሳንሻገር ቀይ ይሆናል። ሞቷል ብዬ በንዴት አንዱን ልጥለው ነበር። ብብቴ ሥር ሩብ ሰዓት ሲቆይ ነፍስ ዘራ። ከዚያ ወዲህ ትርፉ ባትሪ የሚኖረው በውስጥ ኪስ ነው፤ ችግሩ ግን የውስጥ ኪስ ያላቸው ሁለት ሰዎች መሆናቸው ነው። ባለቤቴ ባትሪውን ከነካፖርቱ ይዞ ሥራ የሄደባቸው ሁለት ቀናት በእኔ በኩል ባዶ ሆነው ቀርተዋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከውጭ እንደገባ የቀዘቀዘ ባትሪ ወዲያው ቻርጅ አይደረግም፤ ከዜሮ በታች መሙላት ለዘለቄታው ይጎዳዋል። እስኪሞቅ ይጠበቃል።

በረዶን በተመለከተ ካሜራው የዋህ ነው። የብርሃን መለኪያው ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ነጩን መንገድ አመድ አስመስሎ ያወጣዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ፎቶግራፎቻችን ሁሉ እሳት የነካው ሰፈር ይመስላሉ። መድኃኒቱ የብርሃን ማካካሻውን፣ ማለትም ካሜራው ከገመተው ይልቅ ፎቶግራፉን የሚያበራውን ወይም የሚያጨልመውን ማስተካከያ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ካሜራውን እወደዋለሁ፦ ማካካሻው በስክሪን ምናሌ ውስጥ ሳይደበቅ በጀርባው ላይ የተቀመጠ መዘውር ስለሆነ በወፍራም ጓንት ይዞራል። እዚሁ ላይ ደግሞ እጠላዋለሁ፤ ኪስ ውስጥም ራሱ ይዞራል። ባለቤቴ አንድ ሙሉ ጠዋት የደከመበት ወንዝ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ሆነ። አሁን መዘውሩን በቀጭን ፕላስተር ይዘነዋል፤ ውበቱ ቀርቷል፤ ጸጥታ ግን አግኝተናል።

ጥላ ላይ ያለ በረዶ ከሰማዩ በሚወርደው ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ባለቤቴ ኮምፒውተር ላይ ያስተካክለዋል፣ እኔ እተወዋለሁ። ብርዱ ራሱ ሰማያዊ ነው ባይ ነኝ።

በጣም ያስደነገጠን የውጩ ብርድ ሳይሆን የቤቱ ሙቀት ነው። አንድ ማታ እንደገባን ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ ወዲያው ሌንሱ ላይ ጉም፣ መዘውሮቹ ላይ ጠል ወረደ። አሁን ደጅ ላይ ሳለን ሜሞሪ ካርዱን እናወጣለን፤ ካሜራውን በሚታሸግ ፕላስቲክ ከረጢት ከተን ይዘን እንገባለን፤ አንድ ሰዓት ያህል አንከፍተውም። እርጥበቱ ካሜራው ላይ መውረዱን ትቶ ከረጢቱ ላይ ይወርዳል። ካርዱን ማስቀደም የእኔ ሐሳብ ነው፤ ያለዚያ ምርጫው እኩለ ሌሊት ያልፍ ነበር።

ሌላውን በአጭሩ። ስክሪኑ በብርድ ይዘገያል፤ ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ ይሻላል፤ ትንፋሽን መያዝ ግን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በረዶ ይጋግራል። የምስሉን ጥራት አላማም። የመያዣው ጎማ በአራተኛው ወር ተላቀቀ፤ በራሳችን ሙጫ መለስነው።

የማይቀየረው ሌንስ ያናድደኛል ብዬ ነበር፤ የሚያናድደው ግን ባለቤቴን ነው። ከተማችን 60ኛው ኬክሮስ አጠገብ ስለሆነች፣ በታኅሣሥ ሁለተኛ ሳምንት ፀሐይ የምትታየው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ካሜራው ጠዋት የእሱ፣ ማታ የእኔ ነው። እሱ ቀን ያለው ወንዙ ማዶ ያሉትን ወፎች ይመኛል፣ አይደርስባቸውም። ለእኔ የደረሰኝ ጨለማና መብራት የበራባቸው መስኮቶች ናቸው፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ብርሃን የሚያስገባው ይህ ሌንስ ይበቃል። እንደገና ብንገዛ እኔ ይኸንኑ ከሦስት ባትሪ ጋር እወስዳለሁ፤ እሱ አይወስድም።

ውሉ መጋቢት 30 አበቃ። ሚያዝያ 1 ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ካሜራው ከመደርደሪያው ላይ የለም፤ ትርፉ ባትሪም እንዲሁ።